የማይነቀል ድንኳን

አርብ ዕለት የቆዳ ፋብሪካው ሐኪም ሠራተኛውን ሰብስበው የጥናታቸውን ውጤት አነበቡ። «ቆዳ የምታለፉበት የክሮም ኬሚካል ካንሰር ያመጣል የሚባለው የሰፈር ወሬ ነው። ሐሳብ አይግባችሁ፤ ሥሩ!» ተጨበጨበ። አንዱ ቆዳ ነካሪማ የቆሰለ መዳፉ እስኪደማ አጨበጨበ።

እሁድ ይኸው ሰው እድር ሊገባ ሄደ። ጸሐፊው ስሙን ጽፎ ሥራውን ጠየቀው።

«ቆዳ ፋብሪካ፣ ክሮም ክፍል።»

ጸሐፊው ስሙን ሰረዘው። «ይቅርታ ወንድሜ፣ የክሮም ክፍል ሰው አንመዘግብም። ድንኳናችን ከደጃችሁ አልነቀል አለ።»

«ኧረ ምንም አያደርግም ተብሏል! በጥናት!»

«ደንቡን ያወጡት የእድሩ ዳኛ ናቸው። እዚያ ተቀምጠዋል፤ እሳቸውን ጠይቅ።»

ዞሮ አየ። በዳኛው ወንበር ላይ የተቀመጡት የፋብሪካው ሐኪም ነበሩ።

«ቀጥሎ ማነው?» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።