ሳይቋጭ የቀረው ተረት

ኢዩኤል፣ ተረት ሥራ የፈታ ሰው ራሱን የሚያታልልበት ወሬ ነው ባይ ነበር። በእናታቸው አርባ ማግስት፣ አፍንጮ በር ባለው ቤታቸው፣ እህቱ እየሩስ በቀትር ለመነችው።

«እማዬ የጦጣዋን ተረት ሳትጨርስ አረፈች። ጓዳ በገባሁ ቁጥር ድምጿ ከመነሻው ይጀምራል። ጨርስላትና ትረፍ።»

«ጓዳውስ ምን ያድርግ፣ እንዳንቺው ሥራ ፈቷል።»

«እባክህ ኢዩዬ።»

«እሺ» አለ ስልኩን እየነካካ። «ጦጣዋን ጅብ በላት፣ አለቀ። ተረቴን መልሱ፣ አፌን በጨው አብሱ።»

እየሩስ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ አቀርቅራለች። በቤቱ ከሁለቱ በቀር ማንም የለም።

ሻካራ አውራ ጣት ከንፈሩን ከዳር እስከ ዳር ቀስ ብሎ አበሰው። ኢዩኤል ከንፈሩን ላሰ።

ጨው ጨው አለው።