በወሩ ኑ

ትርንጎ ከመጋረጃው ጀርባ ትንፋሿን ውጣ ታዳምጣለች። በጠፈር መርከብ ላይ የሚሠራው ወዳጇ የላካቸው ሁለት ሽማግሌዎች፣ በዚያችው መርከብ መጥተው ማርስ ላይ ካለው የአባቷ ቤት ገብተው፣ ወንበር ቢቀርብላቸውም ሳይቀመጡ «ልጅዎን ለልጃችን» ብለዋል።

አባቷ ልጁን ይወዱታል። ግን ሴት ልጅ በመጀመሪያ ልመና አትሰጥም፤ ያስንቃል።

«ከዘመድ እንምከር። መርከባችሁ በወሩ ስትመለስ ኑ» አሉ።

«ኧረ አባባ፣ እሺ በሏቸው!» ልትል አማራት። በሽማግሌ ፊት ግን አፍ የላትም።

መርከቧ በወሩ አልመጣችም። ጊዜ ወደሚንቀራፈፍበት ጥቁር ኮከብ ተስባለች ተባለ። ማን ሄዶ ይጎትታት? አባቷ «ምነው ያኔ እሺ ባልኩ» እንዳሉ ሞቱ። እሷም የመጣውን ጠያቂ ሁሉ እየመለሰች ፀጉሯ ሸበተ።

አንድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከፈተች። እነዚያው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ያንኑ ጋቢ ለብሰዋል።

«እንደ ቃላችን በወሩ መጣን» አሉ አንደኛው።

ልጁ እንደ ወጉ ርቆ መጠበቅ አቅቶት ተከትሏቸዋል። አንገቱን አስግጎ ወደ ውስጥ አየ፤ ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ በአክብሮት ጎንበስ አለ።

«እማማ፣ ትርንጎ አለች?»