የማይደርቀው ቴምብር

አሮጌ ቴምብር እንድመረምር ሲያመጡልኝ ቀድሜ የማየው ጀርባውን ነው። ፊቱን ቀለም ያሳምረዋል፤ የመቶ ዓመት ሙጫ ግን እንደ አሮጌ ግድግዳ ደርቆ ካልተሰነጣጠቀ ቴምብሩ ሐሰተኛ ነው።

ዛሬ አንዲት ሴትዮ ያመጣችው ግን ጀርባው እርጥብ ነበር።

«ማነው የላሰው?» ብዬ አፈጠጥኩባት።

«ኧረ ማንም! አባቴ ከሞቱ ጀምሮ ከሣጥን አልወጣም። ቤታችንን ከሐራጅ የሚያድንልን እሱ ነው፤ አደራ ጋሼ!»

በመምጠጫ ወረቀት አደረቅኩት። አጉሊ መነጽሬን አንስቼ ስመለስ ረጥቧል። ደግሜ አደረቅኩት፤ ደግሞ ረጠበ።

ሴትዮዋ ወንበሯን ወደ ኋላ ሳበች።

«ጋሼ» አለች ቀስ ብላ፣ «ባደረቁት ቁጥር መልሰው የሚልሱት ለምንድን ነው?»

ልቆጣት ስል ምላሴ በሙጫ ከላንቃዬ ተጣብቆ አልላቀቅ አለኝ።