የተፈቀደችው ቃል

«ትንሽ ወደ ግራ፣ እማማ፤ መስመሩን አልፈዋል» አለ ፖሊሱ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ግራ ጠጋ አለች። ሰልፉ የተፈቀደላት ከከተማው ዳር ባለው ኳስ ሜዳ፣ እሑድ ጠዋት ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት፣ ያውም በኖራ በተሰመረው የግብ ክልል ውስጥ ብቻ ነው። ጨርቋን በሁለት እጇ ወጥራ ይዛለች። ጨርቁ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው፦ «በአክብሮት»።

የሰፋችውስ አምስት መስመር ነበር። ፈቃድ ሰጪው ቢሮ ሲሰርዝ ሲሰርዝ ይህቺን ብቻ አስተረፈላት። ምን ታድርግ፣ ሌላውን ፊደል ሁሉ በምላጭ ተረተረችው፤ ልጇ ፍርድ ቤት ሳይቀርብ ታስሮ የከረመበትን ስምንት ወር፣ ከእስር ቤቱ በር የተመለሰበትን ሹራብ። የልጇ ስም ላይ ስትደርስ ግን እጇ አልታዘዝ ብሏት ነበር።

እንመጣለን ያሉት ጎረቤቶች አንዳቸውም ብቅ አላሉም። አንዷ ራሴን አሞኛል ብላ ልካለች፤ ሌሎቹ ሰበብ ለመፍጠርም አልደከሙም። የመኪና ድምፅ በተሰማ ቁጥር አንገቷን ታሰግጋለች። ይህን ያህል ብቻዋን መሆኗ ቤቷ ተቀምጣ እንኳ አልታወቃትም ነበር።

ፖሊሱ መዝገቡን ገለጠ። «የሰልፈኛ ብዛት» አለና ሜዳውን ዙሪያውን ቃኘ፤ ሥራ ነዋ። «አንድ።»

«ቆጥረህ ነው?» አለችው።

ፈገግ ሊል ምንም አልቀረው። ከደረት ኪሱ ወረቀት አውጥቶ ከጨርቁ ጋር አስተያየ። የእሷው ማመልከቻ ነው። የትኛውን ብትናገር ሊይዛት እንደሚገባ እንዲያውቅ ከነስርዙ ሰጥተውታል። ወረቀቱ ከመታጠፍ ከመዘርጋቱ ብዛት መሐሉ ሊቀደድ ደርሷል።

«እማማ» አለ፣ ዓይኑን ከወረቀቱ ሳያነሳ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሹራቡን ኋላ ተቀበሉዎት?»

በስምንት ወር ውስጥ ይህን የጠየቃት ሰው የለም። ወጥመድ ይሁን ደግነት መለየት አቃታት፤ መልሱም ቢሆን ከተሰረዙት መስመሮች አንዱ ነው። ራሷን ብቻ ግራና ቀኝ ነቀነቀች።

ፖሊሱ ሰዓቱን አየ። «ገና ሃያ ደቂቃ አለዎት» አለና፣ ከኖራው መስመር ወዲያ፣ ጨርቁን ሊያነብ እንደመጣ ሰው ፊት ለፊቷ ቆመ።