ከሰባት ዓመት በኋላ የተመለሰ ጥሪ

«አቤት… አቤት…» የሚል የእናቴ ድምፅ ከጓዳ ተሰማኝ። ማንም አልጠራትም።

የገደል ማሚቶ ሰባት ዓመት ቆይቶ፣ ያውም አንዴ ብቻ፣ መመለስ ከጀመረ ወዲህ ሰው ሸለቆው ውስጥ ኮቴው እንዳይሰማ ጫማውን አውልቆ ነው የሚሄደው። ሟቹ አባቴ እዚያ ድንኳን ተክለን ባደርንበት ማግስት «ይመናሹ!» ብሎ እናቴን ጠራት። አኩርፋው ስለነበር ዝም አለችው። ጥሪው የፊታችን ቅዳሜ ይመለሳል። እኔ ድምፁን ረስቼዋለሁ።

ለጉዞው የምንይዘውን ስጽፍ አጠገቤ መጥታ ቆመች።

«በሶ ብቻ? ያው እንደ አባትህ። ድንኳኑ ለስንት ነው?»

«ለሁለት፣ እማዬ።»

«አቤት ብለውስ፣ የኔ መቼ ይመለሳል?»

«ከሰባት ዓመት በኋላ።»

«እሱን አንተ ትሰማዋለህ» አለችኝ። ገና ሐሙስ ነበር። ድንኳኑን እንደ ሕፃን አዝላ ብቻዋን ወጣች።