የአራሚው ስክሪን

ዓይኑ ደክሞ ከማተሚያ ቤቱ የቀረው አራሚ ወደ ሥራው እንዲመለስ፣ ልጁ እንደ ፍላጎት የሚስተካከለውን የሊኑክስ ኮምፒውተሩን ልክ እንደ ልብስ በልኩ ሰፋችለት። የማይፈልገውን ምልክት ሁሉ ጠረገች፣ የስክሪኑን መደብ አጠቆረች፣ ፊደሉንም ቢጫ አድርጋ አገዘፈችው።

«አባዬ፣ ከዚህ በላይ ካተለቅሁት ‹ሀ› ብቻዋን ስክሪኑን ትሞላዋለች።»

«ትሙላው፣ ማን ከልክሏት!»

ጨመረችለት። ለውጡ እንዲሠራም ኮምፒውተሩን አጥፍታ መልሳ አስነሳችው። እሱ ግን አልጠበቀም፤ ወደ ስክሪኑ ተጠግቶ፣ ጣቱን እንደ ልማዱ ከመስመር መስመር እያስኬደ ራሱን ነቀነቀ።

«አሁን ቁልጭ አለ! እጅሽ ይባረክ፣ የኔ ልጅ። ነገ ማተሚያ ቤት እገባለሁ።»

ስክሪኑ ገና አልበራም ነበር። ልጅቷ «እሰይ፣ አባዬ» አለችውና፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያሰማው ዜማ ገና መነሳቱን አሳብቆ እንዳያሳፍረው፣ የድምፅ ማጉያውን ገመድ ቀስ ብላ ነቀለችው።