ፋንታሁን የሚልሰው ማር

ስንዱ ስኳር እንዳለባት ካወቀች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት፤ ማር ግን አልናፈቃትም። እሷ ጎመኗንና ምስሯን በልክ ትበላለች። ባሏ ፋንታሁን ማሩን ይልሳል፤ ጣፋጩም እንደ ጉም ቀስ ብሎ እሷ ምላስ ላይ ይወርዳል። ከእሱም ከእሷም ጆሮ ሥር የተተከለችው ጨሌ የምታክል ፍሬ የእሱን ጣዕም ወደ እሷ ታሻግራለች። ሐኪሞቹ ሲተክሉላቸው «ጣዕሙን ትካፈላላችሁ» ነበር ያሏቸው።

ዛሬ ማለዳ በረንዳው ላይ ጎመን በእንጀራ ቀርቦላት፣ ዓይኗን ጨፍና የፋንታሁንን ሻይ ስኳር ስትጠብቅ አፏ ጨው በጨው ሆነ።

ዓይኗን ገለጠች። የጨው ዕቃው ፋንታሁን አጠገብ ተከፍቷል፤ እሱ ሻዩን በእርጋታ ፉት ይላል።

«አንተ! ጨው እኮ ነው የጨመርክበት።»

ብርጭቆውን አየት አድርጎ አስቀመጠው።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ጣዕም የማይታወቅህ?»

«ከልጃችን ሰርግ ወዲህ። ጣዕሙ ሁሉ ወደ አንቺ ያልፋል፤ እኔ ጋ አይቀርም።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ? እንዴት አትነግረኝም?»

«ማሩን ስልስ ፊትሽ ይፈካል፤ እሱን እያየሁ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

ስንዱ ፍሬዋን ከጆሮዋ ሥር ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረቻት። ማሩ ከአፏ ለዘለዓለም ሄደ። እጇን ታጥባ ጎመኑን በእንጀራ ጠቀለለችና አጎረሰችው።

«እስቲ ምን ምን ይላል?»

ፋንታሁን ዓይኑን ጨፍኖ ብዙ አኘከ።

«ሞቅ ይላል» አላት።

ጎመኑ ከቀዘቀዘ ቆይቷል፤ ጣዕሙ ገና እንዳልተመለሰለት ገባት። ስንዱ ሁለተኛውን ጉርሻ ጠቀለለች።